«አረፉ» የሚለው «አረፈ» ሲሆን፦ የአባቴን መቃብር ድንጋይ በድጋሚ የሠሩልኝ የሐዋሳ ጠራቢ

አባቴ ያረፉት በ2011 ዓ.ም. ነው። ሙት ዓመታቸው ሲደርስ እኔና ወንድሞቼ ገንዘብ አዋጥተን የመቃብር ድንጋይ አሠራንላቸው። የመረጥነው ክሬም መልክ ያለው፣ በማሽን የተቆረጠ፣ ዓይን የሚስብ ድንጋይ ነበር። ሻጩ «ይኼን የልጅ ልጅ ያየዋል» አለን። አመንነው።

በ2016 ነሐሴ ላይ፣ ድንጋዩ በቆመ በአምስተኛው ክረምት፣ ጧፍ ላበራ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ጽሑፉን አነበብኩት። «ተወለዱ» ይል የነበረው «ተወለደ» ሆኗል። «አረፉ» ይል የነበረው «አረፈ» ሆኗል። የ«ዱ» እና የ«ፉ» የጎን ቅጥያ ጠፍቷል። ዋናው ፊደል ወፈር ብሎ ስለተቀረጸ ቀርቷል። ቅጥያዋ ግን ቀጭን ነበረች፤ የድንጋዩ ቆዳ ሲላጥ አብራ ሄደች።

እኛ ቤት አባት አንቱ ነው። እናቴ አርባ ዓመት አብራቸው ኖራ አንድም ቀን አንተ ብላ አልጠራቻቸውም። ድንጋዩ ግን በአምስት ክረምት አንቱታቸውን ወሰደባቸው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ይህን የምጽፈው ሁለተኛውን ድንጋይ ስለሠሩልኝ ሰው ነው። በእኔ የደረሰ በሌላ ቤተሰብ እንዳይደርስ ብዬም ነው።

ቦታው ታቦር አካባቢ ነው። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዛችሁ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በኮብልስቶኑ ትገባላችሁ። ታፔላ የለውም። የመዶሻ ድምፅ ነው የሚመራችሁ። ሸራ የተወጠረበት ግቢ ውስጥ ድንጋይ በየዓይነቱ ተከምሯል። ባለቤቱ ስድሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ቀን የሄድኩት ከመቃብሩ የረገፈ ስባሪ በሶፍት ጠቅልዬ ነው። ጋሼ ሶፍቱን ፈቱት። ስባሪዋን በጣታቸው አሹ። ነጭ ዱቄት ጣታቸው ላይ ቀረ። ከዚያ ጫፏን በምላሳቸው ነካ አደረጓት። ደነገጥኩ።

«ጨው ነው» አሉኝ። «ልጄ፣ ድንጋዩን መሬት ላይ ነው ያስቀመጡት?»

«አዎ። በሲሚንቶ ነው የተለጠፈው።»

«ከሥሩ ጠጠር አልተደረገም?»

«አልተደረገም።»

«ከታች ነው የተበላው እንጂ ከላይ ብቻ አይደለም።»

እኔ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አስተምራለሁ። ያሉት ነገር ወዲያው ገባኝ። ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ እርጥብ አፈር ላይ ሲቀመጥ ውሃውን እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ይስባል። ውሃው ከአፈሩና ከሲሚንቶው ጨው ይዞ ይወጣል። ፀሐይ ሲመታው ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ከድንጋዩ ቆዳ ሥር፣ በእነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ያድጋል። ሲያድግ ግድግዳውን ይገፋል። ዝናብ ሲመጣ ይሟሟል፣ ፀሐይ ሲመጣ እንደገና ያድጋል። አንድ ጊዜ ቢገፋ ምንም አይደለም። ሐዋሳ ላይ ግን ከመጋቢት ጀምሮ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማግስቱን ፀሐይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። በመጨረሻ ቆዳው ተገፍቶ ይነሳል። እኔ ዱቄት መስሎኝ በየዓመቱ በጨርቅ የጠረግኩት ያንኑ ጨው ነው።

መማሪያ መጽሐፉ ድንጋይ የሚሰነጠቅበትን ምክንያት ሲያስረዳ የሚጀምረው ከበረዶ ነው። ውሃ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ድንጋዩን እንደ ሽብልቅ ይፈልጠዋል። እውነት ነው። ባሌ ሳኔቲ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ሌሊቱ ስለሚበርድ ይህ ይሆናል። የእኔ ተማሪዎች ግን የሐይቅ ዳር ልጆች ናቸው። ውሃ ሜዳ ላይ በረዶ ሲሆን አይተው አያውቁም። እዚህ የሽብልቁን ሥራ ጨው ይሠራዋል። ዘንድሮ ትምህርቱን ከጨው ነው የጀመርኩት።

ስለ ድንጋዮቹ ልንገራችሁ። የጋሼ ግቢ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ስትሄዱ አዲስ የተቆረጠ፣ የተወለወለ ናሙና ያሳዩዋችኋል። ጋሼ ደግሞ በጎኑ ያረጀውን ያስቀምጡላችኋል። እያንዳንዱ ክምር አጠገብ ከዚያው ዓይነት ድንጋይ ዓመታት ዝናብና ፀሐይ ላይ የከረመ ስባሪ አለ። «አዲሱን ሁሉም ያሳያል። እርጅናውን ነው ማየት» ይላሉ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ዓይነት ሻጭ አላየሁም።

መጀመሪያ ያሳዩኝ ያንኑ የኛን ዓይነት ክሬም ድንጋይ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ትኩስ አመድ ተጠቅጥቆ የጠነከረ ነው። ሐዋሳ ራሷ ጥንት በተደረመሰ ሰፊ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ስለተቀመጠች እንዲህ ያለ ድንጋይ በአካባቢያችን ሞልቷል። አመዱ በደንብ በሙቀት ከተጣበቀ ጠንካራ ይሆናል። ካልተጣበቀ ግን ለመቁረጥም ለመሰባበርም ቀላል ነው። ሻጮች የሚወዱት ለመቁረጥ የሚቀለውን ነው።

ጋሼ ከጀሪካን በጣታቸው ውሃ ጠብ አደረጉበት። ጠብታዋ ሦስት እስክቆጥር እንኳ አልቆየችም። ድንጋዩ ጠጣት፤ ጠቆር ያለ ክብ ምልክት ብቻ ቀረ። ከዚያ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጠብ አደረጉ። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ቁጭ አለች። ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ቆይተን ዞር ስል እዚያው ነበረች። ድንጋይ ልትገዙ ስትሄዱ ከቦርሳችሁ የውሃ ጠርሙስ አውጥታችሁ ይህን አድርጉ። ሻጩ ቅር ካለው ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ሁለተኛው ፈተና መዶሻ ነው። ጋሼ ድንጋዩን ቀለል አድርገው ይመቱታል። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል። ውስጥ ለውስጥ የተሰነጠቀው ወይም የላሸቀው ደረቅ እንጨት እንደመታችሁ ድም ይላል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዳምጡት።

እምነ በረድም ጠይቄ ነበር። እናቴ ነጭ ትወዳለች። ጋሼ አልከለከሉኝም። የእምነ በረድ ዱቄት ላይ ሎሚ ጨመቁበትና ሲፈላ አሳዩኝ። ይህን ክፍል ውስጥ በአሲድ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ! እምነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የዝናብ ውሃ ደግሞ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየቀላቀለ ስለሚወርድ፣ ምንም ብክለት ባይኖር እንኳ፣ ፒኤቹ 5.6 አካባቢ የሆነ ደካማ አሲድ ነው። ደካማ ነው እንጂ አይታክተውም። ባሌ ውስጥ የሶፍ ዑመር ዋሻን 15 ኪሎ ሜትር ያህል የፈለፈለው የዌብ ወንዝ ውሃ፣ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ነው። መቃብር ላይ ያለ እምነ በረድ መጀመሪያ ውልውሉ ይጠፋል፣ ቀጥሎ የፊደሉ ጠርዝ ይዶለዱማል። ቤት ውስጥ ከሆነ ዕድሜው ሌላ ነው። ዝናብ ላይ አላስቀምጠውም ብዬ ወሰንኩ። እናቴም ተስማማች።

የቀረው ጥቁሩ ድንጋይ ነበር፤ ባዛልት። እርሱም ቢሆን አያረጅም ማለት አይደለም። ጋሼ ከአሮጌ መሠረት የወጣ አንድ የባዛልት ቁራጭ አነሱና በመዶሻ ለሁለት ከፈሉት። ያን ቁራጭ ከማየት በላይ ያስተማረኝ ነገር የለም። መሐሉ ጥቁር ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዙሪያውን ግን እንደ ዳቦ ቅርፊት የጣት ውፍረት ያለው ቡናማ ሽፋን ከቦታል። በጥፍሬ ስፍቀው ቡናማው ተፈረፈረ። ብረቱ ዝጓል። በድንጋዩ ውስጥ ያሉ ማዕድናት ብረት አለባቸው። ውሃና ኦክሲጅን ሲያገኛቸው እንደ በር ማጠፊያ ይዝጋሉ። ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ደግሞ በዚያው ደካማ አሲድ ቀስ እያለ ወደ ሸክላ ጭቃነት ይለወጣል። ውጪው ሸክላና ዝገት ሆኗል፣ ውስጡ ገና ድንጋይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አሳዩኝ። ያ ቁራጭ ድሮ አራት ማዕዘን ተጠርቦ ነበር። ቡናማው ቅርፊት ማዕዘኖቹ ላይ በጣም ወፍሯል። ውስጡ የቀረው ጥቁር እምብርት ክብ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። «ድንጋይ ከማዕዘኑ ነው የሚያረጀው» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ወረቀት ላይ ሣልኩት። ፊቱን ውሃ የሚያገኘው ከአንድ ወገን ነው። ጠርዙን ከሁለት ወገን። ማዕዘኑን ከሦስት ወገን። ስለዚህ ማዕዘን ቀድሞ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ስትመጡም ሆነ ወደ ዲላ ስትወርዱ፣ መንገድ በተቆረሰበት ዳገት ላይ እንደ ሽንኩርት በልጣጭ በልጣጭ የሚላጡ ክብ ድንጋዮች ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው። ማንም አልገፋቸውም፣ ጎርፍም አልወሰዳቸውም። ባሉበት ተቀምጠው ነው የሚፈርሱት።

አባቴ የተወለዱት ይርጋለም በኩል ነው። እዚያ አፈሩ ቀይ ነው፤ ነጭ ጫማ አድርጋችሁ አትሄዱም። ልጅ ሆኜ አያቴ ጓሮ ከቡናው ሥር ያን አፈር ስንጫወትበት አድገናል። ያ ቀይነት ጋሼ ያሳዩኝ የድንጋዩ ዝገት መሆኑን በኬሚስትሪ አውቀዋለሁ። ግን እጄ ላይ ቡናማውን ቅርፊት ይዤ ሳየው ሌላ ነገር ተሰማኝ። ድንጋይ ባይፈርስ ኖሮ ያ ጓሮ አይኖርም ነበር። ቡናውም እንሰቱም አይኖርም። በድንጋይ መፍረስ ላይ የነበረኝ ቁጣ እዚያ ላይ በረደ። የፈለግኩት የአባቴ ስም ከእኔና ከልጆቼ ዕድሜ እንዲዘልቅ ብቻ ነው።

ጋሼ ሥራ ላይ ሆነው ሲያወሩ ላሊበላና አክሱምን እንደ ጎረቤት ሱቅ ነው የሚያነሱት። «አክሱምን ተመልከች። ከሥሩ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደመረጡ» ይላሉ። ልክ ናቸው። የአክሱም ሐውልቶች የተጠረቡት ሳይናይት ከሚባል ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ነው። 1,700 ዓመት ገደማ ቆይተው መስኮቱና በሩ ዛሬም ይታያል። ላሊበላ ደግሞ የተፈለፈለው ቀዳዳ ከበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለመፈልፈል የሚመች ድንጋይ ለዝናብም ይመቻል። በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በ2008 እ.ኤ.አ. እነዚያ ትልልቅ መጠለያዎች የተሠሩት ከዝናብ ለመከላከል ነው። እዚያ የድንጋይ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ተራራው ራሱ ነው ቤተ ክርስቲያኑ። እኛ ግን ምርጫ ነበረን። ያ ነው የሚቆጨኝ።

ድንጋዩን ከማዘዜ በፊት ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ሙከራ ሠራን። ከጋሼ ግቢ አንድ የክሬሙን፣ አንድ የጥቁሩን ቁራጭ ለምኜ ወሰድኩ። ሁለቱንም በሚዛን መዘንን። ከዚያ የገበታ ጨው በደንብ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ማታ እንዘፈዝፋለን፣ ቀን የላቦራቶሪው መስኮት ላይ ፀሐይ እናስመታለን። በየጠዋቱ አንድ ተማሪ ከሥሩ ባስቀመጥነው ነጭ ወረቀት ላይ የረገፈውን ይሰበስባል። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙም የሚታይ ነገር አልነበረም። ልጆቹ ሰለቹ። በሁለተኛው ሳምንት የክሬሙ ጠርዝ መርገፍ ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ቁራጩን ስናጥበው የተሰበሰበው ብናኝ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞላ። ጥቁሩ ምንም አልሆነም። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ የኛ ቤት ግድግዳም ከታች እንዲህ ነው» አለችኝ። በማግስቱ ግማሹ ክፍል የየቤቱን ግድግዳ ፎቶ አንስቶ መጣ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ጋሼ ጥቁሩን ድንጋይ ሲመርጡልኝ አረፋ መሰል ቀዳዳ ያለበትን ወደ ጎን አደረጉ። ባዛልት ሲቀዘቅዝ ጋዝ የወጣበት ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ውሃ እዚያ ይተኛል። ቡናማውን ቅርፊት እስከ ጥቁሩ ድረስ ጠርበው አነሱት። የላይኛውን ገጽ ለጥ ያለ ሳይሆን ወደ ኋላ ትንሽ ያዘነበለ አደረጉት፤ ውሃ እንዳይቆምበት። አራቱንም ማዕዘን አጠጋጉት። እኔ ሹል ማዕዘን ያምራል ባይ ነበርኩ። «ዝናብ የሚያጠጋጋውን እኛ ቀድመን እናጠጋጋው» አሉኝ።

ፊደሉን በማሽን አይሠሩም። መሮና መዶሻ ነው። ጥልቀቱ አምስት ሚሊሜትር ነው፤ ለክቼዋለሁ። የቀድሞው አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። የእያንዳንዱ ፊደል ጉድጓድ ግርጌው ላይ ጠበብ፣ አፉ ላይ ሰፋ ያለ ነው፤ ውሃው እንዲንሸራተት። ቀለም አይቀቡም። «ቀለም ይላጣል፣ ሲላጥ ደግሞ ውሃ ከኋላው ይይዛል» ይላሉ። ጽሑፉ ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ከሩቅ አይነበብም፤ ይህን ማወቅ አለባችሁ። ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ጠዋትና ማታ ፀሐይ በጎን ስትመታው ግን ፊደሎቹ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ።

«አረፉ» የሚለውን ሲቀርጹ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ታሪኩን ነግሬያቸዋለሁ። «ፈ»ን ጨርሰው ወደ ቅጥያዋ ሲደርሱ መሮውን ቀየሩ። ትንሿን መሮ አነሱ። ከዋናው ፊደል እኩል አጠለቋት። ሦስት ጊዜ በትንፋሻቸው እፍ ብለው አቧራውን አነሱና እንደገና ገቡበት። ጣቴን አስገብቼ እንድዳስሳት ነገሩኝ። ዳሰስኳት።

ሲተከልም ራሳቸው መጡ። ከሥር ጉድጓድ አስቆፍረው ሬድ አሽ፣ ማለትም ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሞሉበት። ጠጠሩ ትልልቅ ስለሆነ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይሳብም። ድንጋዩ እዚያ ላይ ነው የተቀመጠው። አጠገቡ ችግኝ ልተክል ነበር፤ ሾላ። ከለከሉኝ። ሐይቁ ዳር ያሉት ሾላዎች ሥራቸው የግንብ ድንጋይ ሲፈነቅል አይቻለሁና አልተከራከርኩም። አበባ በጣሳ አደረግኩ።

ቅሬታዬን ልናገር። ጋሼ ቀን አያከብሩም። በሦስት ሳምንት ያሉት ሥራ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ስልክ ሲደወልላቸው አያነሱም፤ መዶሻው ስለማያሰማቸው ነው፤ ቢሆንም ያናድዳል። ደረሰኝ የለም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ተቆጣ፤ ልክ ነው፣ ይህን ያህል ገንዘብ ሲከፈል በወረቀት መሆን አለበት። እኔ በደብተሬ ላይ ጽፌ አስፈርሜያቸዋለሁ፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ማጓጓዣውም የራሳችሁ ነው። የእኔን በአይሱዙ ነው ያስጫንኩት፣ ለአራት ወንድ የከበደ ድንጋይ ነው።

ዋጋው ደግሞ ርካሽ አይደለም። መትከሉን ጨምሮ 38,000 ብር ከፈልኩ። በሐዋሳ ከዚህ በግማሽ የሚሠራላችሁ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያውም በግማሽ ነበር የተሠራው። የጥርብ ድንጋይ ሥራ ስለሚያውቁት ብቻ አይደለም ይህን የምከፍላቸው። «ይኼ ይቆያል» ሳይሆን «ይኼ በዚህ በኩል ነው የሚያረጀው» ብለው ስለነገሩኝ ነው።

መሄድ ከፈለጋችሁ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ግራይንደር የሚያሠሩ ልጆች ስለሚገቡ አቧራው አያስቀምጥም፤ አስም ያለበት ሰው ይዛችሁ አትሂዱ። የሚቀረጸውን ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል በወረቀት ጽፋችሁ ውሰዱ። «ሐ» ይሁን «ሀ»፣ «ዓ» ይሁን «አ» ቤት ውስጥ ጨርሳችሁ ተስማሙ። ጋሼ የተጻፈላቸውን ነው የሚቀርጹት።

ድንጋዩ ከቆመ አንድ ክረምት አልፎታል። ባለፈው እሑድ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ዓይኗ ደክሟል፣ ጽሑፉ አልታያትም። እጇን ይዤ በፊደሎቹ ላይ አስኬድኩላት። «ፉ» ላይ ስትደርስ ጣቷ ቅጥያዋ ውስጥ ገባ። «አረፉ» አለች።